ሆን ተብሎ የተሳተ ሪጎሬ

የተናደደ ሰው አረማመድ ከሩቅ ያስታውቃል። ግራ ቀኝ አያይም፣ ሰላምታ አይመልስም፣ እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ይደርሳል። ጸሐፊዋም በዚያ እሑድ ቀትር ላይ ከቤት የወጣችው እንዲያ ሆና ነው። ላፕቶፑን በብብቷ ሸጉጣለች፤ የጆሮ ማዳመጫዋ ገመድ ከአንገቷ ተንጠልጥሎ እንደ ልጓም ይወዛወዛል። እናቷ ከኋላዋ "አንቺ ልጅ! ሻንጣሽን ከፍተሽ ትተሽ ወዴት ነው?" ብትል ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ይጠብቃታል፤ የሁለት ቀን መንገድ። ያን ሰዓት ግን የታያት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ሶፋ ሰሪው ወርክሾፕ የሚወስደው ቁልቁለት።

እስቲ ከመድረሷ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ይህች ልጅ ሥራዋ መስማት ነው። ፍርድ ቤት የተቀዳ ክርክር ይሰጣታል፤ እሷ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ትገለብጠዋለች። ምስክሩ ሲያለቅስ "አለቀሰ" ትላለች፣ ጠበቃው ሲያስል "ሳል" ብላ ትጽፋለች። ከራሷ አንዲት ቃል አትጨምርም፤ አንዲትም አትቀንስም። ስድስት ዓመት እንዲህ ስትኖር ጆሮዋ የጉድ ጆሮ ሆነ። "እሷ ባለችበት ቢሮ በሐሳብህም አትማ" ይላሉ ባልደረቦቿ።

ከሶፋ ሰሪው ጋር ያገናኛት ወንበር ነው። ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥበት ወንበር ስፖንጁ ሟሽሾ ወገቧን ሲፈጃት፣ ልታስጠግነው ተሸክማ ወሰደችው። ሰውየው ትናንሽ ሚስማሮች በከንፈሩ ነክሶ፣ አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ በመዶሻ ይመታል። የጠየቀችውን ሁሉ ራሱን በመነቅነቅ መለሰላት። ቢቸግራት ጥግ ላይ የሶፋ ልብስ በመኪና የሚሰፉትን አሮጊት "ሰውየው አይናገርም እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

"ሚስማር ስለጎረሰ ነው ልጄ" አሏት። "ሳይጎርስም የጎረሰ ይመስለዋል። ለምዶበት ነው።"

አሮጊቷን ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መርፌ ይላቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሐፊዋ ሶፋ ሰሪውን "ሚስማር" አለችው፤ እሱም፣ አፉ ባዶ በሆነ ዕለት፣ "ጆሮዬ" አላት።

እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ መቀመጫ ሞልቶ ተርፏል። የሰው ሶፋ፣ ባለ ሦስቱ፣ ባለ አንዱ፣ ላስቲኩ ያልተገፈፈ፣ እግሩ ያልተገጠመለት። ተቀምጠው የሚያዩት ነገር ግን የለም። ሶፋ ሰሪው አንድ ደንበኛ አገር ለቅቆ ሲሄድ "ያዘው፣ መታሰቢያ ይሁንህ" ብሎ የተወለት የጌም ማጫወቻ ነበረው፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ የኳስ ጨዋታ። ቴሌቪዥን ስለሌለው ዓመት ሙሉ ከስፖንጅ ሥር ተኝቷል። እሷ ላፕቶፕ አላት፤ ጌም ግን በእጇ ነክታ አታውቅም። "አንተ ሞተሩ አለህ፣ እኔ መስታወቱ አለኝ፤ ምን እንጠብቃለን?" አለችው።

ገመዱን ከማጫወቻው አውጥተው ላፕቶፑ ጎን ላይ ሰኩት። ልክክ ብሎ ገባ። ምስል ግን የለም። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጠው ገመድ ሲያገላብጡ ዋሉ። እሱ ገመዱ ነው ይላል፣ እሷ ማጫወቻው ነው ትላለች፣ እትዬ መርፌ ደግሞ "እስቲ በጥፊ በሉት፣ የኔ ሬዲዮ እንደዚያ ካልሆነ አይሰማም" ይላሉ። በኋላ ነው አንድ የሚያውቅ ሰው፣ የላፕቶፕ ቀዳዳ ምስል ይሰጣል እንጂ አይቀበልም ብሎ የነገራቸው። መሐል ላይ የምትገባ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ምስሉን ከማጫወቻው ተቀብላ ለላፕቶፑ የምታቀብል ዕቃ ገዙና ተገላገሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ነገር የገባው ግን በዚያ በሦስቱ ቅዳሜ ነው። ጥቁር ስክሪን እኮ መስታወት ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ ዞር ብለው ለመተያየት ያፈሩ፣ እዚያ ውስጥ ሳይተፋፈሩ ይተያያሉ። እሱ ገመዱን የሚያይ መስሎ እሷን ያያል። እሷም ታየዋለች፤ እንዳየችው ያያል። ምስሉ በመጨረሻ ሲመጣ ሁለቱም ትንሽ ቅር አላቸው።

የክብሪት ቀፎዋ ሁለት አመል ነበራት። አንደኛ፣ ምስሏ አንድ ጥቅሻ ያህል ይዘገያል፤ ቁልፉን አሁን ተጫንከው እንበል፣ ኳሱ ቆይቶ ይመታል። ሁለተኛ፣ የላፕቶፑ ፕሮግራም ካላጠፉት በቀር ጨዋታውንም፣ ቤት ውስጥ የሚወራውንም አብሮ ይቀዳል። የመጀመሪያውን አመል ሁለቱም ለመዱት። ሁለተኛውን እሷ ብቻ ታውቃለች፤ ማጥፋቱን ግን ሁልጊዜ ትረሳለች።

እንዲህ ባለው ፍቅር መሐል ነው ደብዳቤው የመጣው። ሩቅ ከተማ ያለ ትልቅ ፍርድ ቤት የግልባጭ ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሊወስዳት ፈለገ፤ ለሁለት ዓመት። እናቷ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረች፣ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ደብዳቤውን በመስታወት አስገብታ ሳሎን ልትሰቅለው ምንም አልቀራት። ሶፋ ሰሪውንማ ስሙን አትጠራም። "ያ ጎልማሳ ሆኖ በጌም የሚጫወተው! ያ የሰው መቀመጫ ሲሰፋ የሚውለው!" ነው የምትለው።

ጸሐፊዋ ሦስት ሳምንት እሺም እምቢም ሳትል ቆየች። መልስ መስጫው ቀን ቅዳሜ ሲደርስ ወርክሾፕ ሄዳ፣ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ጆይስቲኩን አንስታ "በጨዋታ እንቁረጠው" አለችው። "ካሸነፍኩ እሄዳለሁ። ካሸነፍከኝ እቀራለሁ።"

እሱ ሚስማር ጎርሶ ነበር። አያት፣ አያት፣ ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ልብ በሉ፣ ይህች ልጅ አንድም ቀን አሸንፋው አታውቅም። እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። "ቅሪ በለኝ" ማለቷ ነበር። አፍ አውጥታ መናገር ስላቃታት በጆይስቲክ ተናገረች።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ፤ ሪጎሬ። አሥራ ስምንት ጊዜ ተመታ፤ አንዱ ሰማይ ይሄዳል፣ አንዱ ቋሚ ይልሳል፣ አንዱ ከሜዳ ይወጣል። በመጨረሻ የእሷ ኳስ እንደ ሰነፍ ተንከባልላ መረብ ውስጥ ገባች። አሸነፈች። እሱ እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ቢሮ ሰው፣ "እንኳን ደስ አለሽ" አላት። ወደ ውጭ ወጣች፤ ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ፊቷን ታጠበችና ተመልሳ ላፕቶፑን ይዛ ሄደች። ከሰዓት በኋላ "እሺ፣ እመጣለሁ" ብላ ፈረመች።

ሳምንቱን ሙሉ ብቅ አላለም። ዓርብ ዕለት በእትዬ መርፌ እጅ ደብዳቤ ላከላት። ሦስት መስመር፤ ከሶፋ ጨርቅ ናሙና ጀርባ ላይ የተጻፈ። "መልካም መንገድ። ላፕቶፑን ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ደህና ሁኚ።"

ላፕቶፑን ደረቅ ቦታ! ሌሊቱን ያቺን ቃል ስታገላብጥ አደረች። ይህ ሰው ለኔ አይደለም የሚጨነቀው፣ ለዕቃ ነው ብላ አለቀሰች።

እሑድ ጠዋት ሻንጣ እየሸከፈች ሳለ፣ ላፕቶፑ ሞልቶብኛል ብላ ልታጠራው ከፈተችው። ያ የቅዳሜው ጨዋታ ተቀድቶ እዚያው ተቀምጧል። ልታጠፋው ጣቷን ዘረጋች። አልቻለችም። ከመሄዷ በፊት ድምፁን አንዴ ልስማ ብላ የሥራ ማዳመጫዋን አጠለቀች። ናፍቆት ነው ያስቀመጣት፤ የተነሣችው ግን በንዴት ነው።

እንዴት መሰላችሁ፤ በዚያ ጨዋታ ቁልፉን ብዙ ከቆዩበት ኳሱ ሽቅብ ይሄዳል። የቁልፉ ድምፅ ደግሞ ሲጫኑት "ቀጭ"፣ ሲለቁት "ቋ" ይላል። እሷ ያን ቀን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ አሁን ግን ስክሪኑን ትታ ጆሮዋን ብቻ ሰጠች። የእሱ ተራ ሲደርስ፣ ቀጭ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ቋ። ኳሱ ሰማይ። እንደገና፣ ቀጭ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ቋ። ጣቱ እንደ ሰዓት ልክ ነው። ይህ የሳተ ሰው ጣት አይደለም። የእሷ ተራ ሲደርስ ደግሞ በረኛውን መወርወር የነበረበት እሱ ነው። ከእሱ በኩል ግን ምንም ድምፅ የለም። ጭጭ። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እጁን አጣጥፎ ነበር!

ቀጥሎ የራሷ እግር ወደ ውጭ ሲወጣ ሰማች። ቧንቧው ተከፈተ። ከዚያ የእትዬ መርፌ ድምፅ፦

"አንተ ልጅ፣ ሆን ብለህ ነው አይደል?"

"ዝም ይበሉ እትዬ።"

"ለምን?"

"ለእናቷ ቃል ሰጥቻለሁ።"

ያን ጊዜ ነው ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ቁልቁለቱን የተያያዘችው።

*

ሶፋ ሰሪው አንድ ትልቅ ሶፋ ገልብጦ፣ ተንበርክኮ ሆዱን እየሰፋ ነበር። አፉ ሚስማር ሞልቷል።

"ተነሥ!" አለችው ከደጃፉ።

ቀና አለ። በእጁ "አንዴ ቆይ" አላት።

"ትፋው! ሚስማሩን ትፋ! ዛሬ በራስ ንቅናቄ አታመልጠኝም!"

እትዬ መርፌ የስፌት መኪናውን አቆሙ። "ውይ ልጄን! እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣች። ምነው፣ ምን ገጠመሽ?"

"እርስዎም ያውቁ ነበር!"

"እኔ? እኔ የማውቀው መርፌና ክር ነው" ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ላፕቶፑን በተገለበጠው ሶፋ ሆድ ላይ ከፍታ አስቀመጠችው። ማዳመጫውን ነቅላ ጣለችና ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀችው። ቀጭ... ቋ። ቀጭ... ቋ። ከዚያ ያ ዝምታ። ከዚያ "ለእናቷ ቃል ሰጥቻለሁ"።

ሶፋ ሰሪው ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ይቀዳ ነበር እንዴ?"

"መልስህ ይሄ ነው? ይቀዳ ነበር?" ጣቷን ቀሰረችበት። "ስድስት ዓመት ሙሉ ውሸታም ምስክር ስሰማ ኖሬያለሁ። አንተን የሚያህል ግን አልገጠመኝም! እነሱ በአፋቸው ነው የሚዋሹት፤ አንተ በጣትህ ዋሸኸኝ!"

"ጆሮዬ፣ ስሚኝማ..."

"ጆሮዬ አትበለኝ! እኔ ምንህ ነኝ? ሶፋ ነኝ? አንተና እናቴ ተጠራርታችሁ 'ይሄን ውሰጅው፣ ጨርቁ ደህና ነው፣ እግሩ አይነቃነቅም' የምትቀባበሉኝ?"

"አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኳቸው" አለ፤ ድምፁ ገና ረጋ ያለ ነበር። "ያቺ ወንበር ላይ መጥተው ተቀመጡ። 'ልጄን ከወደድካት አታስቀራት' አሉኝ። 'አላስቀራትም' አልኩ። እናት ፊቴ ተቀምጣ እየለመነችኝ ምን ልበል?"

"'ልጅቷን ልጠይቃት' በላ! ይቺ ታቅትሃለች?"

"ጠይቄሽ ነበር!"

"መቼ? ምን ብለህ?"

ሶፋ ሰሪው መዳፉ ላይ ያሉትን ሚስማሮች ተመለከተ። "በዓይኔ" አለ።

እትዬ መርፌ ትን አላቸው።

"በዓይኔ!" ጸሐፊዋ ጮኸች። "እና ዓይንህን ምን ብዬ ልገልብጠው? 'ሰውየው አፈጠጠ' ብዬ?"

ይህቺ ቃል ነካችው። ዝምተኛ ሰው ሲቆጣ አይታችሁ ታውቁ እንደሆን አላውቅም። ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ከመጣ ግን አይመለስም። ሚስማሮቹን መሬት ላይ በተናቸው።

"እሺ! አሁን ደግሞ አንቺ ትሰሚኛለሽ! በጌም እንቁረጠው ያለው ማነው? እኔ ነኝ? የሁለት ዓመት ኑሮሽን፣ የኔን ልብ፣ በጆይስቲክ ቁልፍ ላይ ያስቀመጠው ማነው? ለምን እንደሆነ አይገባኝም መሰለሽ? መወሰኑን ፈራሽው። እንዳሸንፍሽ ፈለግሽ። እሺ፣ አሸነፍኩሽ እንበል፤ ቀረሽ። ከዚያስ? ከአምስት ዓመት በኋላ ጣራው ሲያፈስ፣ ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ ቀና ብለሽ ምን ትዪኝ ነበር? 'አንተ ባታሸንፈኝ ኖሮ የት በደረስኩ!' እኔ ሰበብሽ መሆን አልፈልግም! ሰማሽ? ባልሽ መሆን ነው የምፈልገው እንጂ ሰበብሽ አይደለም!"

"ባልሽ" የምትለዋን ቃል እሱ ራሱ ከአፉ ከወጣች በኋላ ነው የሰማት። ጆሮው ቀላ።

ሐሰት የነገሩት ሰው ይናደዳል፤ እውነት የነገሩት ግን ያብዳል። ጸሐፊዋ ያን ቃል መውደድ ቀርቶ መዋጥ አቃታት። ልክ ነበራ። ልክ መሆኑ ነው ያቃጠላት። አንድ የሚወረወር ነገር ፈለገች፤ እጇ ላይ የገባው ቁራጭ ስፖንጅ ነበር። ወረወረችበት። ስፖንጅ ደግሞ አይጎዳ፤ ደረቱ ላይ አርፎ ቀስ ብሎ ወደቀ። ይህም ሌላ ንዴት ሆነባት።

"እኔም እኮ እየሳትኩ ነበር!" አለች በመጨረሻ።

"ምን አልሽ?"

"ሁለቱን ሆን ብዬ ወደ ሰማይ ሰደድኳቸው! አራቱን ከሜዳ አወጣኋቸው! ሕፃንም የሚይዛት ትሁን ብዬ፣ የመጨረሻዋን እንደ ብርቱካን አንከባለልኳት፤ ትይዛታለህ ብዬ! እንደ ግንድ ቆመህ አሳለፍካት!"

"እኔ እኮ ምስሉ ስለሚዘገይ የሳትሽ መስሎኝ..."

"እኔም መስሎኝ! እኔም ምስሉ ስለሚዘገይ ነው ብዬ ነው!"

እትዬ መርፌ አልቻሉም። "ኧረ በሕግ!" ብለው ሳቁን ለቀቁት። "አሥራ ስምንት! አንድ የትራስ ልብስ ሰፍቼ ጨረስኩ እኮ! 'እነዚህ ልጆች ዛሬ ምን ነካቸው፣ ጎሉ ጠፋባቸው እንዴ' እያልኩ! ለመሸነፍ እየተሽቀዳደማችሁ ነው ለካ!"

ማንም አልሳቀላቸውም። ሁለቱ በተገለበጠው ሶፋ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እንደ ተኳረፉ ፍየሎች ይተነፍሱ ነበር።

*

እናቷ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። ጥሩ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ከቁልቁለቱ ትንፋሽ አጥሯት። ሠላሳ ዓመት የሰልፍ ሜዳ ላይ የጮኸ ድምፅ ግን አልጠፋትም።

"ነይ ውጪ! ነገ መንገደኛ ነሽ፣ ሰፈር ይሰማሻል!"

"እዚህ መጥተሽ ነበር እማዬ?"

እናቷ ሶፋ ሰሪውን አየችው። "ነገራት?"

"አልነገረኝም። ሰማሁት። ለምንድነው ከኔ ተደብቀሽ የመጣሽው?"

"ብነግርሽ ትሄጂ ነበር? ስንቷ ጎበዝ ልጅ አንድ ወንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትቀር ያየሁ ሰው ነኝ። ስማቸውን በዝርዝር ልጥራልሽ? አንቺንም ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ልጨምር?"

"እትዬ" አለ ሶፋ ሰሪው። እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ እናቷ ቀረብ አለ። "እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ።"

"ጠብቀሃል። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ያልኩት ግን 'አላስቀራትም' ነው። 'አልከተላትም' አላልኩም።"

እትዬ መርፌ ክር የሚያጠነጥኑ መስለው ጎንበስ አሉ። ጸሐፊዋ ግን፣ ደስ ይላታል ያላችሁ ካላችሁ፣ እንደ ባሩድ ነው የፈነዳችው።

"ደግሞ ይሄን መቼ ወሰንክ?"

"ረቡዕ።"

"ረቡዕ! ለማን ነገርክ?"

"ለእትዬ መርፌ። በሦስት ወር የያዝኩትን ሥራ እጨርሳለሁ፤ ወርክሾፑን እሳቸው ይይዙታል። እዚያስ ሰው ሶፋ ላይ አይቀመጥም?"

"ለኔስ?"

"ጻፍኩልሽ እኮ።"

"'ላፕቶፑን ደረቅ ቦታ አስቀምጪው' የሚለውን?"

"አዎ" አለ ግራ ገብቶት። "ስመጣ እንድንጫወትበት ነዋ። ይገባታል ብዬ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ልትስቅም ልትጮህም ከጅሏት ነበር። ከዚያ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ እናቷን፣ እሱን፣ እትዬ መርፌን።

"አንቺ 'ትሂድ' ብለሽ ወሰንሽ። እሱ 'ልሸነፍ' ብሎ ወሰነ፣ ረቡዕ ደግሞ 'ልከተል' ብሎ ወሰነ። እትዬም ያውቃሉ። እኔን የጠየቀኝ ሰው ማነው? ከናንተ ውስጥ አንድ ሰው 'አንቺስ?' ያለኝ አለ?" ትንፋሿን ሳበች። "እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። እሱ ልክ ነው፤ ፈሪ ነኝ። አሁን ግን ስሙኝ። ሥራውን እፈልገዋለሁ። አሸንፌ አይደለም፣ ለእናቴ ብዬም አይደለም፤ እኔ እፈልገዋለሁ። እሄዳለሁ። ይሄንንም ሰውዬ እፈልገዋለሁ። ሁለቱንም!"

"ሁለቱንም ያገኘች ማን አለች?" አለች እናቷ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አላውቅም። አላየሁም። ግን ለማን ብዬ አንዱን ልተው?"

እናቷ የተማሪ ወላጅ ስትሸኝ እንደምታደርገው ቦርሳዋን አስተካከለች። "እንግዲያው ነገ አውቶቡስ ተራ የሚሸኝሽን ፈልጊ" አለችና ወጣች። ጫማዋ ዳገቱን ሲወጣ ኮቴው ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር። ሌላ ሰው ቶሎ ይጠፋው ነበር፤ ጸሐፊዋ ግን እስከ መታጠፊያው ድረስ ሰማችው፣ አንድ ቦታ ቆም ሲል ሰማችው፣ መልሶ ሲቀጥልም ሰማችው።

እትዬ መርፌ ተነሡ። "ክር ልገዛ ነው።"

"እሑድ ነው እትዬ፣ ሱቁ ዝግ ነው" አለ ሶፋ ሰሪው።

"ዝግ ሱቅ ማየት ክልክል ነው?" ብለው ወጡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ነበር። እሷ እናቷ በወጣችበት በር በኩል እያየች ቆይታ፣ ዞር አለችና "ጠይቀኝ" አለችው።

"ምን?"

"ረቡዕ የወሰንከውን። በአፍህ። ጠይቀኝ።"

ሶፋ ሰሪው ብዙ ነገር ሰፍቷል፣ ብዙ ነገር ቸንክሯል፤ እንዲህ እጁ የሚያርፍበት ያጣበት ቀን ግን አልነበረም። አንዴ ኪሱ ከተተው፣ አንዴ አወጣው።

"ልከተልሽ?" አለ።

የጠየቃት ሰው ሲጠብቅ ማየት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበርና፣ ትንሽ እንዲጠብቅ ተወችው።

"በጣም ተናድጄብሃለሁ" አለች።

"አውቃለሁ። እኔም ተናድጄብሻለሁ።"

"አውቶቡስ ውስጥም እናደድብሃለሁ። ደርሼም እናደድብሃለሁ። እስክትመጣ ሦስት ወር ሙሉ ነው የምናደደው።"

"እሺ።"

"ና።"

እንባዋ በዚያን ጊዜ መጣ፤ ስለ እናቷ ይሁን ስለ እሱ ለመለየት አልሞከረችም። ደረቷ ውስጥ የሚነደው ገና አልበረደም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን ተሸክማው ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነው ያዙት።